እሳት ምንድር ነው? ፍምስ በተዘጋ ቤት ምን ያደርጋል?

በእንጅባራና በዙሪያዋ ክረምት ሲገባ ጉም ከምድር ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ብርዷ የታወቀ ነው። ዳንግላም ምንም እንኳ ዝቅ ብላ በ2100 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝ፥ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት በእርስዋም ዘንድ ቀላል አይደለም። በዚህ ወራት ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ቡናው ይፈላበታል፥ ወጡ ይሠራበታል፥ ከዚያም በኋላ ቤቱን እንዲያሞቅ በሩ ተዘግቶ ይተዋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ማንደጃ ነው፤ ነገር ግን የማንደጃውን ጠባይ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ እሳት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እሳት ለአገራችን ሰው ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ የሚቈጠር ነው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የቤት እመቤት ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና ታሳድረው ነበር፤ የጠፋባትም እንደ ሆነ ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ትጭር ነበር። ይህን ያህል የምናውቀውን ነገር “ምንድር ነው?” ተብለን ብንጠየቅ ግን መልሱ ቶሎ አይመጣልንም። የቀድሞ ሊቃውንት ከነፋስ፥ ከውሃና ከመሬት ጋራ ደምረው ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ነው ይሉት ነበር። በአውሮፓም እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ ብዙዎች በሚቃጠል ነገር ሁሉ ውስጥ አንድ ረቂቅ የእሳት ባሕርይ ተሰውሮ እንደሚኖር፥ ነገሩም ሲቃጠል ያ ባሕርይ ወጥቶ እንደሚሄድ ያምኑ ነበር። ይህን አሳብ ያፈረሰው የፈረንሳዩ ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1770ዎቹ ዓመታት የሚቃጠለውንም፥ አየሩንም፥ ከመቃጠል በኋላ የቀረውንም በሚዛን እየመዘነ፥ ነገር ሲቃጠል ከእርሱ የሚወጣ የእሳት ባሕርይ እንደሌለ፥ ይልቁንም ከአየር አንዱ ክፍል ወደ እርሱ ገብቶ እንደሚዋሐድ አሳየ። ያንን የአየር ክፍል ኦክሲጅን ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። ምናልባት ከሊቁ ዕውቀት ይልቅ ሚዛኑ የሚበልጥ ምስክር ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ እሳት አንድ ራሱን የቻለ ነገር ሳይሆን የሚፈጸም ሥራ ነው ማለት ነው። ይኸውም ማገዶና ኦክሲጅን ተገናኝተው በፍጥነት ሲዋሐዱ ሙቀትና ብርሃን የሚሰጡበት ሥራ ነው። ሥራው እንዲጀመር ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ የሚቃጠል ነገር፥ ከአየር የሚገኝ ኦክሲጅን፥ እንዲሁም ሥራውን የሚያስጀምር በቂ ሙቀት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳቱ ይጠፋል። ውሃ ሙቀቱን ይነጥቃል፤ በላዩ የሚደፋ አፈር ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ ኦክሲጅኑን ይከለክላል። ፍሙን በአመድ ትዳፍን የነበረችው እናታችንም ኦክሲጅኑ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ እንዲገባ፥ ሙቀቱ ግን እንዳይወጣ አድርጋ እሳቱን ከሞትና ከሕይወት መካከል ታሳድረው ነበር። ላቯዚዬ ሳይወለድ የነበረ ጥበብ ነው።

አሁን አንድ ደረቅ እንጨት ወደ ምድጃ ሲገባ የሚሆነውን በተራ እንመልከት። በመጀመሪያ እንጨቱ አይቃጠልም፤ በውስጡ ያለው ውሃ እየሞቀ ተን ሆኖ ይወጣል። እርጥብ እንጨት እሳትን የሚያስቸግረው ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን ለማፍላት ስለሚያልቅ ነው። በባንጃ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች ቀርከሃ እሳት ውስጥ ሲገባ እንደ ጥይት እንደሚጮኽ ያውቃሉ፤ ይህም በሁለቱ አንጓዎች መካከል የተዘጋው አየርና የውሃ ተን ሲሞቅ መውጫ አጥቶ ቀርከሃውን ስለሚሰነጥቀው ነው። ውሃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የእንጨቱ አካል ራሱ መፈራረስ ይጀምራል፤ ከእርሱም የሚቃጠል ልዩ ልዩ አየር ይወጣል። ነበልባል የምንለው ይህ አየር ከኦክሲጅን ጋራ ተገናኝቶ ሲነድ ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በአንዲት ጧፍ ለተማሪዎቻቸው ማሳየት ይችላሉ። ነፋስ በሌለበት ቦታ ጧፉ ለጥቂት ጊዜ ይንደድ፤ ከዚያም በቀስታ እፍ ተብሎ ይጥፋ። ከክሩ ነጭ የጭስ ጅራት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ወዲያውኑ የበራ ክብሪት ከክሩ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ አድርጎ በጭሱ ውስጥ ቢያስገቡት፥ እሳቱ በጭሱ መንገድ ወደ ታች ዘሎ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። ያ ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የቀረ የሰም ተን ነውና። እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ በለንደን ለወጣቶች ስለ ሻማ በሰጠው የታወቀ ትምህርት ይህንኑ አሳይቷል። ቀጥሎም ቀዝቃዛ ማንኪያ በቢጫው ነበልባል መካከል ቢያዝ ጥላሸት ይይዛል። የነበልባሉ ቢጫነት እነዚህ ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶች ግለው ሲያበሩ የሚታይ ነው።

ስለዚህ ጭስ ማለት ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው። ጭስ የሚበዛበት ምድጃ ማገዶም የሚያባክን ምድጃ ነው፤ ያመለጠውም በጣራው ላይ ጥቀርሻ፥ በእናቶችና በእናታቸው ጀርባ ላይ ባሉ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ደግሞ በሽታ ሆኖ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (በፈረንጅ) በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ230 ሺህ የሚበልጡት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በአገራችን በፈረንጅ 1990ዎቹ ዓመታት ለእንጀራ መጋገሪያ የወጣው ምርጥ ምድጃና ለከሰል የወጣው ላቀች ምድጃ ማገዶን በመቈጠብ ጥሩ አገልግሎት ሰጥተዋል። ነገር ግን ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ መርዝ የማያወጣ ምድጃ ነው ማለት አይደለም፤ ወደዚሁ ነገር አሁን እንመጣለን።

ከሰል እንዴት እንደሚሠራ የአዊ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ በአዲስ ቅዳምና በአካባቢው፥ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ብዙ ቤተ ሰብን አበልጽጓል። ዛፉ የአውስትራልያ ተወላጅ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋራ ይተክለዋል፤ ቀጥሎ በመካከሉ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ገደማ ቈርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ግን ዝገት መሰል በሽታ ገብቶበት ብዙ የዲከረንስ ማሳ ተጎድቷል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሳዩ እንጨቱን ይከምራል፥ በሣርና በቅጠል ይሸፍነዋል፥ በላዩም አፈር ይመርግበታል፤ ከዚያም ጥቂት መተንፈሻ ትቶ በእሳት ይለኩሰዋል። ሌሊት ሳይቀር ይጠብቀዋል። አፈሩ ከተሰነጠቀ አየር ገብቶ የወራት ድካሙን አመድ ያደርግበታልና ስንጥቁን ፈጥኖ መምረግ አለበት። በመጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ አብዛኛው የውሃ ተን ነው፤ ጭሱ ሲሳሳና ሰማያዊ መልክ ሲይዝ ሥራው መፈጸሙን ያውቃል። በዚህ ሁሉ የተደረገው እንጨቱን አየር እየነፈጉ ማሞቅ ነው፤ ነበልባል የሚሆነው አየር ወጥቶ ሄዶ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከክምሩ በቅርቡ የወጣ ከሰል የቀዘቀዘ ቢመስልም ኦክሲጅንን ከአየር እየሳበ በራሱ የመሞቅ ጠባይ አለው። በማዳበሪያ ታጭቆ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ፥ ክብሪት ሳይነካው በጆንያ ውስጥ ወይም በመኪና ላይ እንዳለ እሳት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ከሰል አንድ ሁለት ቀን ተበትኖ ሳይቈይ፥ ጆንያውም በእጅ ተዳስሶ ሳይታይ ሰው በሚተኛበት ቤት መግባት የለበትም።

አሁን ወደ ማንደጃው እንመለስ። ብዙ ጠንቃቃ ሰዎች ከሰሉን ከደጅ ያቀጣጥሉና ጭሱ እስኪወጣለት፥ ፍሙም እስኪጠራ ድረስ ጠብቀው ወደ ቤት ያስገቡታል። ጭስ እስከሌለው ድረስ ጉዳት የለውም ብለው ያምናሉና። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በማንደጃው ታች የሚገባው አየር ከፍሙ ጋራ ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ቀድሞ በትምህርት ቤት የተቃጠለ አየር እያልን የተማርነው ነው። ይህ አየር በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ ካርቦን ይጨመርበትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደሚባል ሌላ አየር ይለወጣል። በማንደጃው አናት ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው አየር አዲስ ኦክሲጅን አግኝቶ ሲቃጠል ነው። ሰማያዊው ነበልባል ጠፍቶ ፍሙ አመድ ለብሶ ጸጥ ሲል ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሳይቃጠል ወደ ቤቱ ይገባል። መልክ የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይን አያስለቅስም፥ ጉሮሮ አይከረክርም። ጭስ ቢሆን ኖሮ አስነጥሶና አስለቅሶ ሰውን ከቤት ባስወጣው ነበር።

የቤቱንም መጠን እናስላ። ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል በእንጅባራ ከፍታ 20 ኪሎ ያህል አየር ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ኦክሲጅኑ 4 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ፈጽሞ ለመቃጠል 2 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል። በር ተዘግቶ፥ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፎ፥ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ የሚያድር አንድ ማንደጃ ከሰል የቤቱን ኦክሲጅን ከግማሽ በላይ የሚጠይቅ እዳ ነው ማለት ነው። አየሩ እየጎደለ በሄደ ቁጥርም ፍሙ የሚሰጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ እየበዛ ይሄዳል።

ይህ አየር በሰው ላይ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። በደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ቀይ ንጥረ ነገር አለ፤ ተግባሩም ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ ሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይህን ተሸካሚ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል፤ ከያዘውም ቶሎ አይለቀውም። ስለዚህ ከ1000 የአየር እጅ አንዱ እጅ ብቻ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በደጋው አገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳት አለ። በእንጅባራ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያው ላይ መርዙ ሲጨመርበት ደሙ የሚቈጥበው መጠባበቂያ የለውም።

ምልክቱ በራስ ምታት ይጀምራል። ራስ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጉልበት ይከዳል፤ ተነሥቶ በር ለመክፈት የፈለገ ሰው አሳቡ እያለው እግሩ እምቢ ይለዋል። ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳያውቅ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሻገራል። የታወቀው ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1902 (በፈረንጅ) በፓሪስ ከተማ የሞተው በዚሁ አየር ነው፤ የጭስ መውጫው ተዘግቶበት በመኝታ ቤቱ ሞቶ ተገኘ፥ አብራው የነበረችው ሚስቱ ግን ተርፋለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ ከጎረቤት አንዱ መጋኛ ነው፥ ሌላው ምግብ ተመርዘው ነው ይላል፤ ማንደጃው ግን በክፍሉ መካከል አመድ ለብሶ ተቀምጦ ይታያል።

በተለይ ለመምህራን የማሳስበው ይህን ነው። በእንጅባራ፥ በዳንግላ፥ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ከገጠር መጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል በኅብረት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ስንቃቸውን ከቤት ያመጣሉ፥ ወጣቸውን በከሰል ይሠራሉ፥ በዚያው ክፍል ያጠናሉ፥ በዚያው ይተኛሉ። ግድግዳው አዲስ የተመረገ፥ ጣራው በላስቲክ የተለበደ ከሆነ ባለቤቱ “ብርድ የማያስገባ ቤት ነው” ብሎ ያመሰግነዋል፤ እውነትም አያስገባም፥ አያስወጣምም። ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ የሚል፥ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፥ ረፋዱ ላይ ግን የሚሻለው ተማሪ ቢኖር፥ ስንፍና ነው ከማለት በፊት ማታ የት እንዳደረና ማንደጃው የት እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ላይ የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ቀን ከታመሙና ትኩሳት ከሌላቸው ነገሩ ይበልጥ ያጠራጥራል። ብዙ ጊዜ ይህ ሕመም ታይፎይድ ነው እየተባለ ያለ ቦታው መድኃኒት ይሰጥበታል።

ከተማሪዎች ቀጥሎ የምፈራላቸው አራሶችና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮት ተደፍኖ ፍም ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሕፃኑም በዚያው ነው። በማሕፀን ያለ ፅንስ ደግሞ ከእናቱ ይልቅ መርዙን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ እናቲቱ ራሷን ብቻ ሲያማት ፅንሱ ሊሞት ይችላል።

ስለ መከላከያ የሚነገሩ ብዙ ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከንቱ ናቸው። ጨው በፍሙ ላይ ቢበተን፥ ዕጣን ቢታጨስበት፥ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳሕን በአጠገቡ ቢቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይቀንሰውም፤ ዕጣኑ እንዲያውም የቤቱን አየር ጥሩ አስመስሎ ያታልላል። ከፍ ባለ አልጋ ላይ መተኛትም አያድንም፤ ይህ አየር ክብደቱ ከተራው አየር ጋራ የተቃረበ ስለ ሆነ በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። የታመመውን ወተት ማጠጣት ከደሙ መርዝ አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ከሆነ ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ ሞት ያመጣበታል። በውጭ አገር ትምህርቴን ስከታተል በተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ ይህ አየር ሲበዛ የሚጮኽ፥ ከመዳፍ የማይበልጥ መሣሪያ ተሰክቶ ነበር። በእኛ ከተሞች ገና ያልተለመደ ነውና ለጊዜው ያለን መሣሪያ በርና መስኮት ነው። ከሰል በቤት ውስጥ ሲነድ መስኮት ተከፍቶ፥ ከመኝታ በፊትም ማንደጃው ከነአመዱ ወደ ደጅ ይውጣ፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም የጠፋ ፍም አይደለምና። ቀሪው ብርድ በብርድ ልብስና በጋቢ ይቻላል።

አደጋው ደርሶ የተገኘ እንደ ሆነ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፤ የሚገባውም ሰው ትንፋሹን ይዞ ፈጥኖ የታመመውን ወደ ደጅ ያውጣ። አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ለጭስ ጥቂት ይረዳ እንደ ሆነ ነው እንጂ ይህን አየር አያግድም። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይጋደም፤ ትንፋሹ ከቆመ ሥልጠና ያለው ሰው ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ይስጠው፤ ሳይዘገይም ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ይወሰድ። ለሐኪሙ “በቤቱ ከሰል ነበረ” ብሎ መናገር ከሁሉ ይበልጣል። በጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክሲጅን የሚለካው የተለመደው መሣሪያ ሁለቱን አየሮች ለይቶ ስለማያውቅ፥ መርዝ የሞላበትን ደም ጤነኛ ነው ብሎ ሊያሳይ ይችላል።

በነበልባል ስለሚደርስ ቃጠሎ በአጭሩ እናገራለሁ። የተቃጠለውን አካል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቈየት ከሁሉ የሚበልጥ የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና፥ ቡናና ጭቃ ግን ቍስሉን ያመረቅዙታል። በበራ ኩራዝ ላይ ጋዝ አይጨመርም። ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ሞልተው በቤት የሚያስቀምጡ ሰዎች ተኑ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ እሳት እንደሚስብ፥ በወለልም ላይ ተስቦ ሄዶ ሩቅ ካለ ምድጃ ጋራ እንደሚገናኝ ይወቁት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ “ይጋባብኛል” ብሎ ሳያነሡት መቅረት ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በሽታው በመንካት አይተላለፍም።

ከከሰል መርዝ የተረፈው ሰው ተራውን አየር እየተነፈሰ በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ለዚህም ነው “በነፋስ ተሻለው” ተብሎ ወደ ቤት የማይመለሰው። አንዳንዱ ታማሚ ፈጽሞ ድኖ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ከጥቂት ቀናት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የመርሳት፥ የጠባይ መለወጥና የአካሄድ መወላገድ ይታይበታል። እንዲህ ያለ አደጋ ደርሶበት ወደ ትምህርት ገበታው የተመለሰ ልጅ ትምህርቱ ድንገት ቢከብደው ወይም የሚያውቀውን ቢረሳ፥ መምህሩ ለወላጆቹ አስታውቆ እንደ ገና ወደ ሐኪም ይላከው።